በምሰሶ ዙሪያ ለተሰነጠቀ ሶሌታ የካርቦን ሰሌዳ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ያለውን ሕንፃዬን አንደኛ ፎቅ ለእህል መጋዘን ላከራይ አስቤአለሁ። ሶሌታው ቢም የለውም፤ በቀጥታ በምሰሶዎች ላይ ያረፈ ነው። ሊሾው ሲነሣ በአንዱ ምሰሶ ዙሪያ ስንጥቆች ታዩ። ሥራ ተቋራጩ ከሥር በኩል የካርቦን ፋይበር ሰሌዳ በኤፖክሲ ማጣበቂያ ለጥፈን እንጨርሰዋለን ይላል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ከሥር የሚለጠፈው ሰሌዳ ለዚህ ችግር አይጠቅምዎትም። ሸክም ሲበዛ በምሰሶው አካባቢ የሚሳበውና የሚሰነጠቀው የሶሌታው የላይኛው ገጽ ስለሆነ፣ ሰሌዳው የሚለጠፈው ሊሾው በተነሣበት ኮንክሪት ላይ፣ ምሰሶውን በአራቱም ጎን ተጠግቶ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ነው።

በትክክለኛው ቦታ ቢለጠፍም ወሰን አለው። 1.2 ሚሊሜትር ብቻ የሚወፍረው ሰሌዳ በጥንካሬው ፌሮን በብዙ እጥፍ ቢበልጥም፣ የሚያደርገው ስንጥቁ እንዳይሰፋ መያዝ ነው፤ ስንጥቁ ሲጠብ ሶሌታው በምሰሶው ተበስቶ ቁልቁል እንዳይወርድ ያለው አቅም በተዘዋዋሪ ይጨምራል። ሶሌታውን የሚበሳው ሰያፍ ስንጥቅ ግን በኮንክሪቱ ውስጥ ስለሚያልፍ ሰሌዳው አያቋርጠውም። መሐንዲሶች ፓንቺንግ የሚሉት ይህ አሰባበር ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ የሚመጣ ነው፤ ሰሌዳው ደግሞ ሶሌታውን አግትሮ ከመሰበሩ በፊት የሚጎብጥበትን መጠን ይቀንስበታል። በ1953 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ባፈረሰበት በሰሜን ሸዋ ይህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

የእርስዎ ዋና ጥያቄ በእኔ አስተያየት ሸክሙ ነው። ለመኖሪያ የታሰበ ወለል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲሸከም ሲሆን፣ ሁለት ሜትር የተከመረ ስንዴ ግን 1,500 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ይህን ልዩነት ሰሌዳ አይሞላውም። ሶሌታውን ከላይ እስከ ታች የሚያልፉ ብሎኖች ወይም የምሰሶውን ራስ ማስፋት የተሻለ ቢረዳም፣ እህሉን ምድር ላይ ባለው ወለል ማድረግ ከሁሉም ይረክሳል።

ለሌላ አገልግሎት አስልተው ሰሌዳውን ከመረጡ፣ ማጣበቂያው ከመላቀቁ በፊት የሚላጠው ብዙውን ጊዜ የኮንክሪቱ ገጽ ስለሆነ፣ ገጹ ተፍቆ በመጎተት ይፈተን፤ የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት መመሪያ ቢያንስ 1.4 ሜጋፓስካል ይጠይቃል። ብዙዎቹ ኤፖክሲዎች ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በወጉ ስለማይደርቁ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ባለበት ሌሊት ቦታው ካልሞቀ ሥራው አይጀመር። እስከዚያው በምሰሶው ዙሪያ ከሥር ፑንቴሎ ያስቁሙ፤ ሰሌዳው ተለጥፎ እስኪጠነክርም አይነሣ።