አንድ ኪቦርድ ለሰርግም ለስቱዲዮም፦ ለኮምቦልቻው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ አነበብኩት። ለሌላው አንባቢ እንዲመች ባጭሩ ልድገመው። ኮምቦልቻ ነህ። ከድራመር፣ ከቤዝ ተጫዋችና ከአንድ ድምፃዊ ጋር ሰርግ ትሠራላችሁ። ቤት ውስጥ ደግሞ በላፕቶፕና በአንድ ማይክ ትንሽ ስቱዲዮ ጀምረሃል። ያጠራቀምከው ብር አንድ ኪቦርድ ብቻ ይገዛል። «ስታይል ያለው ይሻለኛል ወይስ ሲንተሳይዘር? አዲስ ልግዛ ወይስ ያገለገለ?» ነው ያልከው።

ብዙ ሰው የሞዴል ስም ደርድሮልሃል፤ ሁሉም በቅንነት ነው። እኔ ግን ደሴ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኪቦርድ ስጫወት ድምፅ አንሶኝ የተበላሸ ሰርግ አላየሁም። መብራት ጠፍቶ፣ ኬብል ላልቶ፣ ቁልፍ አርጅቶ የተበላሸ ግን ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ ብርህን በሙሉ ኪቦርዱ ላይ አትጨርስ። ሩቡን ያህል ለፔዳል፣ ለስታብላይዘር፣ ለኬብልና ለደህና ቦርሳ አስቀር። ይህን ካስቀደምኩ ወደ ጥያቄህ ልሂድ።

ስታይል ያለው ኪቦርድ፣ እንደ ያማሃ ፒኤስአርና እንደ ኮርግ ፒኤ ያለው፣ በግራ እጅህ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ስትይዝ ከበሮውን፣ ቤዙንና ጊታሩን ራሱ ያጅብሃል። አንድ ኪቦርዲስትና አንድ ድምፃዊ ብቻ ሆነው ሰርግ ለሚወጡ ሰዎች እንጀራ ነው። አንተ ግን ድራመርም ቤዝም አለህ። ስታይሉን ብትከፍተው ከድራመርህ ጋር ይጋጫል፤ ብትዘጋው ደግሞ የከፈልክበት ትልቁ ነገር ሥራ ፈታ ማለት ነው። ስለዚህ ላንተ ሲንተሳይዘር ነው። ነገ ባንዱ ቢበተንና ብቻህን ብትቀር መልሴ ይለወጣል። ዛሬ ግን ይኸው ነው።

ሲንተሳይዘር ድምፁን ከሥሩ እንድትሠራው ይፈቅድልሃል። ዲጂታሉን ሰው እጅ ያስገባው ያማሃ ዲኤክስ 7 ነው፤ በ1983 በፈረንጆች ወጣ። ያ እንደ ደወል የሚጠራው ኤሌክትሪክ ፒያኖ የእሱ ነው። በአንድ ጊዜ 16 ኖታ ብቻ ነበር የሚያሰማው። በ1988 ኮርግ ኤም 1 መጣና የተቀዳ ፒያኖ፣ ከበሮ፣ ቤዝና ሲኩዌንሰር (የተጫወትከውን መዝግቦ መልሶ የሚጫወት ክፍል) በአንድ ሣጥን አስገባ። ዛሬ የምትገዛቸው አብዛኞቹ የእነዚህ ልጆች ናቸው። ከታች የምነግርህ ሦስቱም 128 ኖታ በአንዴ ያሰማሉ። ሻጩ ደግሞ «ከሺህ በላይ ድምፅ አለው» ሲልህ አትደነቅ። ሰርግ ላይ የምትነካው አሥራ አምስት ቢሆን ነው።

እጄ ላይ የነበሩትን ሦስት ልንገርህ። ያማሃ ኤምኤክስ 61 ቀላል ነው፤ አምስት ኪሎ አይሞላም። ድምፁ ሞቲፍ ኤክስኤስ ከሚባለው የያማሃ ትልቅ ኪቦርድ የመጣ ነው። በአንድ ዩኤስቢ ኬብል ድምፁንም ሚዲውንም (የትኛውን ቁልፍ እንዴት እንደመታህ የሚናገረውን መረጃ) ላፕቶፕ ውስጥ ያስገባልሃል፣ ለኪቦርዱ ሌላ ሳውንድ ካርድ አትፈልግም። ጉድለቱ የራስህን ሳምፕል፣ ማለትም አንተ የቀዳኸውን ድምፅ፣ አለመጫኑ ነው። ሮላንድ ጁኖ ዲኤስ 61 በስምንት ትንንሽ ባትሪ ይሠራል። የራስህን ሳምፕልም በፍላሽ ይቀበላል። ያማሃ ሞድኤክስ 6 በ2018 የወጣ ነው። የተቀዳውን ድምፅም፣ የዲኤክስን ዓይነት ድምፅም አንድ ላይ ይዟል፤ ለሳምፕል 1 ጊጋባይት ቦታ አለው። ድምፅ ስትቀይርም የቀድሞው ኖታ ድንገት አይቆረጥም። ብርህ ከደረሰ ሦስተኛው። ካልደረሰ ጁኖው። ምክንያቴ ባትሪው ነው። ዋጋ አልጽፍልህም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሆንህም።

ባትሪውን ለምን እንዳከበድኩት ልንገርህ። አንድ ጊዜ እዚያው ኮምቦልቻ ሰርግ ላይ ነበርን። ሙሽሮቹ ከዳሱ በር ላይ ደርሰዋል፣ እናቶች እልል እያሉ ነው። መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ ተነሣ፣ ግን ቮልቴጁ ይወጣል ይወርዳል። ሚክሰሩ ቻለው፤ የእኔ አዳፕተር ግን የተቃጠለ ሽታ ሰጠና ዝም አለ። ድራመሩ ብቻውን ከበሮ እየመታ ሙሽሮቹን አስገባ። ድምፃዊው ያለ ኪቦርድ ዘፈነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ስታብላይዘር ሶኬት ላይ አልሰካም። ከቻልክ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪው የሚያቆይ) ጨምርበት። ቀላል ኪቦርድ የሚበላው ከ20 ዋት በታች ነው፤ ኮምፒውተር ለጥቂት ደቂቃ የሚይዝ ዩፒኤስ ኪቦርድን ብዙ ያቆይልሃል። መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ኪቦርዱ ጠፍቶ እንደገና እስኪነሣ አትጠብቅም። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ውስጣቸው እንደ ኮምፒውተር የሆነ አንዳንድ ትልልቅ ኪቦርዶች ለመነሣት ከሁለት ደቂቃ በላይ ይወስዳሉ። ሰርግ ላይ ሁለት ደቂቃ ዝም ብለህ ቁም ብትባል ታውቀዋለህ።

ሳውንዱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ከኪቦርዱ ጀርባ ሁለት መውጫ አለ፤ አንዱ ላይ «ኤል» እና «ሞኖ» ተጽፏል፣ ሌላው ላይ «አር»። የሰርግ ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ በሞኖ ነው የሚሠራው። ስቱዲዮ ውስጥ በሄድፎን ሰፊና ቆንጆ የሆነው ስቴሪዮ ፒያኖ ግራና ቀኙ ሲደመር አንዱ ሌላውን ሊበላው ይችላል። ያኔ ፒያኖው ቀጥኖ የቆርቆሮ ድምፅ ይሆናል። ሰርግ ላይ በ«ሞኖው» መውጫ ብቻ ውጣ፤ ብዙ ኪቦርዶች ላይ ግን እሱም ግራና ቀኙን ደምሮ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ቤትህ ሆነህ በዚያው መውጫ በአንድ ስፒከር አዳምጠህ የማይከሳ ፒያኖ አስቀድመህ ምረጥ። ከመድረኩ እስከ ሚክሰሩ ከአምስት ስድስት ሜትር በላይ ከሆነ ዲአይ ቦክስ (የኪቦርዱን ድምፅ ለረጅም ኬብል የሚያመቻች ትንሽ ሣጥን) ይኑርህ፤ ያ «ዝዝዝ» የሚለው ድምፅ ይቀንስልሃል።

አሁን ያገለገለ ወይስ አዲስ ወደሚለው ልምጣ። ያገለገለ ጥሩ ነው፣ ግን ከመክፈልህ በፊት ቁልፎቹን ስማቸው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የጎማ ጉብታ አለ። ጉብታው ውስጥ ሁለት ጥቁር የካርቦን ነጥቦች አሉ። ስትጫን አንዱ ቀድሞ ይነካል፣ ሌላው ተከትሎ። ኪቦርዱ በሁለቱ መካከል ያለችውን ቅጽበት ይለካል። አጭር ከሆነች «በኃይል መታኝ» ይላል፣ ረዘም ካለች «ቀስ ብሎ ነካኝ» ይላል። አቧራ ወይም የፈሰሰ ለስላሳ መጠጥ እዚያ ከገባ ኪቦርዱ ቅጽበቷን ይስታል። ያኔ በቀስታ የነካኸው ቁልፍ ድንገት ይጮኻል፣ ወይም ጭራሽ ዝም ይላል።

እኔ ላይ ደርሷል። ያገለገለ ገዝቼ ሱቁ ውስጥ ሁለት ኮርድ መትቼ ወሰድኩት። ማታ በለስላሳ ትዝታ መሐል መካከለኛው ሶል እንደ መኪና ክላክስ ጮኸ። ድምፃዊቷ ዞራ አየችኝ። በማግስቱ ሻጩ ጋ ብሄድ «ስትወስደው ደህና ነበር» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ እኔ አልሞከርኩትም። ቤቴ ገብቼ ሠላሳ ምናምን ብሎን ፈታሁ። የጎማውን ንጣፍ ቀስ ብዬ አነሣሁ። ከሶሉ ሥር የስኳር ውኃ ደርቆ እንደ ቢጫ ቅርፊት ሆኗል። በንጹሕ አልኮልና በጥጥ ሳልፈገፍግ ጠረግሁት፣ ካርቦኑ እንዳይነሣ። አንድ ሰዓት አደረቅሁትና መለስኩት። ዛሬም ይሠራል።

ስለዚህ አንተ እንዲህ አድርግ። አንድ ፒያኖ ድምፅ ክፈት። ከመጀመሪያው ቁልፍ እስከ ስልሳ አንደኛው አንድ በአንድ በጣም በቀስታ ንካ። ከዚያ ተመለስና በኃይል ምታ። ሻጩ ቢሰለችም ግድ የለህም። ፔዳልም ሰካ፤ ስታበራው ግን እግርህ ፔዳሉ ላይ አይሁን። ብዙ ኪቦርዶች የፔዳሉን ዓይነት የሚለዩት ሲነሡ ነው፤ ተጭነህ ካበራኸው ገልብጦ ይይዘዋል፣ አንተም ተበላሽቷል ትላለህ። ፒች ቤንዱን (በስተ ግራ ያለውን፣ ኖታውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን) ገፍተህ ልቀቀው፤ ኖታው ወደ ቦታው በትክክል ካልተመለሰ ተወው።

ፒች ቤንዱን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ወሎዎች ነን። ባቲ ካንተ በስተ ምሥራቅ ነው፣ አምባሰል ከእኔ በስተ ሰሜን። የሁለቱ ቅኝት ስም የአገራችን ስም ነው። በኪቦርድ ኖታዎቹን መያዝ ከባድ አይደለም። ከዶ ከተነሣህ ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ኖታው ትክክል ሆኖ ዘፈኑ ግን የእኛ አይመስልም። ለዓመታት ይህ ያስጨንቀኝ ነበር።

አንድ ማሲንቆ የሚጫወቱ አባት ነበሩ። ቤቴ ጠርቻቸው በሲንተሳይዘሩ የቫዮሊን ድምፅ ባቲ ተጫወትኩላቸው። ዝም ብለው አዳመጡና «ልጄ፣ ያንተ ይቆማል እንጂ አይሄድም» አሉኝ። ከዚያ ማሲንቆአቸውን አነሡ። ጣታቸውን አየሁ። ከፋ ወደ ሶል ሲሄዱ አይዘሉም፤ ይሳባሉ። ሶል ላይ ደርሰውም አያርፉም፣ ጣቱ ይንቀጠቀጣል።

አራት ማታ አብረን ቀዳን። እያንዳንዱን ኖታ ለየብቻ፣ በለስላሳ ምትና በጠንካራ ምት። ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ሰቅለን፣ የባጃጅ ድምፅ እስኪያልፍ እየጠበቅን። ሳምፕሎቹን ኪቦርዱ ላይ ጫንኩ። ከዚያ ድምፁን አንድ ኖታ ብቻ እንዲያሰማ አደረግሁ፤ ፖርታሜንቶውን (ከኖታ ወደ ኖታ እየሳበ የሚወስደውን) ጣት ሳላነሣ ስጫወት ብቻ እንዲሠራ አስተካከልኩ። ፒች ቤንዱን በሁለት ግማሽ ድምፅ ወሰንኩት። የሚንቀጠቀጠውንም በሞዱሌሽን ጎማ በእጄ እሰጠዋለሁ እንጂ ማሽኑ በራሱ እንዲያደርገው አልተውኩም፤ ማሽኑ ሁሌ እኩል ያንቀጠቅጠዋል፣ ሰው ግን እንደ ስሜቱ ነው።

የቀረው ቱኒንግ ነበር። ኪቦርዱ አንድን ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ብሎ እኩል ይከፍለዋል። የአባታችን ጣት ግን እንደዚያ አይከፍልም። ብዙ ኪቦርዶች ላይ እያንዳንዱን ኖታ በሴንት ዝቅ ከፍ የሚያደርግ ስኬል ቱኒንግ ወይም ማይክሮ ቱኒንግ የሚባል ቦታ አለ። አጠገቤ አስቀምጫቸው አንዱን ኖታ 10፣ ሌላውን 15 ሴንት እያልኩ፣ «አሁንስ?» እያልኩ ሄድኩ። ቁጥሩን ከእኔ አትቅዳ፤ ካንተ ድምፃዊ ጋር ተቀምጠህ በጆሮህ ፈልገው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ቤዙና ጊታሩ በእኩሉ ሲጫወቱ አንተ ብቻ ወደ ሌላ ብትሄድ ይጋጫል። እኔ የምከፍተው ማሲንቆው ብቻውን ከድምፃዊው ጋር ሲሆን ነው። ስለዚህ ስትገዛ ሳምፕል መቀበሉንና ይህ ቱኒንግ መኖሩን ጠይቅ። ስቱዲዮህን ከሌላው የሚለየው ይህ ነው።

ክረምት ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ደሴ ሰርግ ሠርታችሁ ሌሊት ስትመለሱ ኪቦርዱ መኪና ላይ ይቀዘቅዛል። ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ አየሩ ሞቃት ነው። ብርድ ላይ የቆየ መነጽር ሙቅ ቤት ሲገባ እንደሚሸፍነው ሁሉ የኪቦርዱም ውስጥ ያልበዋል። ቤት እንደገባህ ከቦርሳው አታውጣው፣ አታብራውም። ተዘግቶ እስኪነጋ ይደር።

ያገለገለውን አገኘሁ ካልክ ደግሞ ሳትከፍል አዳፕተሩን ገልብጠህ አንብብ። በኪቦርዱ ጀርባ የተጻፈው ቮልትና የፕላስ ማይነሱ ሥዕል አዳፕተሩ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። አምፔሩ ከተጻፈው ቢበልጥ ችግር የለም፣ ቢያንስ ግን አይሆንም። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም።

አብሽር፣ ጊዜ አለህ። ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ ከወጣህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ የማሲንቆውን ድምፅ በእጅህ ትሞክረዋለህ። ፍላሽ ይዘህ ና፣ ሳምፕሎቹን እሰጥሃለሁ። እኒያ አባት ሲሰጡኝ «ለሚጫወት ሁሉ ስጥ» ብለውኛል።