ወገቡን ስትመረምሪ ሰውየውንም ጠይቂው

ጥያቄ፦ የ4ኛ ዓመት የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ነኝ። ልምምድ ላይ አንድ ወገቡን የሚያመው ታካሚ ነበር። ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ሥራውና ስለ ጭንቀቱ ጠይቂው ተባልኩ። ቃል አጠረኝ፣ አፈርኩ። ይሄ የሳይኮሎጂስት ሥራ አይደለም ወይ? ሙያ ተሳስቼ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሙያ አልተሳሳትሽም። ማፈርሽን ወድጄዋለሁ። የሰው ገመና መንካት ቀላል እንዳልሆነ ገብቶሻል ማለት ነው።

ወገባቸውን ከሚያማቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሕመማቸው ይሄ ነው የሚባል አንድ ጉዳት አይገኝለትም። አንዱ በጥቂት ሳምንት ይሻለዋል፤ ሌላው ዓመት ሙሉ ይሰቃያል። ልዩነታቸውን ግን ብዙ ጊዜ ራጅ አያሳይሽም። ፍርሃት፣ ተስፋ መቁረጥ፣ እንቅልፍ ማጣትና የሥራ ቦታ ውጥረት ሕመሙን ያከርሙታል። ስኮትላንዳዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ጎርደን ዋዴል በ1987 እ.ኤ.አ. የወገብ ሕመም ከነአእምሯዊና ማኅበራዊ ጎኑ ይታይ ብሎ ጽፏል። በ1997 ደግሞ ኒውዚላንድ ውስጥ እነዚህ ነገሮች «ቢጫ ምልክቶች» ተብለው ለሐኪሞች መመሪያ ወጣ። ስለዚህ የታዘዝሽው የራስሽን ሥራ ነው።

ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ስሠራ ያከምኩት አንድ ሰው ከአእምሮዬ አይወጣም። እስክሪብቶው ወደቀበት። ሊያነሳው ሲል ትንፋሹን ያዘ፣ ጠረጴዛውን ጨበጠ፣ ወገቡን እንደ ዱላ አድርቆ በጉልበቱ ወረደ። ጡንቻውን ለክቼ ነበር፤ ደህና ነው። «ወገብዎ ውስጥ ምን የተፈጠረ ይመስልዎታል?» አልኩት። «ዲስኩ ሊወጣ ጫፍ ላይ ነው። ካጎነበስኩ አለቀልኝ» አለኝ። እንዳይብስበት ብሎ ልጁን ማቀፍ ትቶ ነበር። ያንን ጥያቄ የመጀመሪያው ቀን ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ስድስት ቀጠሮ ባላባከንኩበት። ዛሬም ይቆጨኛል።

አጠያየቁ ላይ፣ ሁልጊዜ ከሕመሙ ተነሺ። በቀጥታ «ጭንቀት አለብዎት?» ካልሽው «ሕመሜን አላመነችኝም» ብሎ ይዘጋብሻል። «ሕመሙ እንቅልፍዎን እንዴት አድርጎታል? ምን ከማድረግ ከለከለዎት? ወደፊትስ ምን ይመጣል ብለው ይሰጋሉ?» በዪው። ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታው ይከብድሻል፤ ግን ዋናው ነገር የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።

መጠይቅም ያግዝሻል። የእንግሊዙ ኪል ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው «ስታርት ባክ» 9 ጥያቄ ብቻ ነው። ከመጨረሻዎቹ 5ቱ 4 ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኘ ሰው ሕመሙ የመክረም ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ታዲያ ደምረሽ ፋይል ውስጥ አትቅበሪው። «እዚህ ላይ "አይሻለኝም" ብለዋል፤ እስቲ ይንገሩኝ» በዪው።

ድንበርሽንም እወቂ። መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለው ወይም እግሩ እየዛለ ከመጣ፣ ወሬውን አቁመሽ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ላኪው። ራሱን ስለማጥፋት ካነሳ ብቻውን አትተዪው፤ ለአለቃሽ ወዲያው ንገሪ። ድባቴን ማከም የሌላ ባለሙያ ሥራ ነው። ማጎንበስ መፍራት ግን ያንቺ ነው። ቀስ በቀስ፣ አብረሽው እያጎነበስሽ፣ ምንም እንደማይሆን በራሱ ወገብ ታሳይዋለሽ። ይህን ንግግርና እንቅስቃሴ ያጣመረ ሥራ የሚችል ፊዚዮቴራፒስት የሕመም ክሊኒኮች ይፈልጉታል። ቀጣዩን ልምምድሽን እዚያ ለማድረግ ጠይቂ። እስከዚያው ከክፍል ጓደኛሽ ጋር አንዳችሁ ታካሚ እየሆናችሁ ተለማመዱ።

ያ ታካሚ ሲመለስ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፦ «ወገብዎ ውስጥ ምን የተፈጠረ ይመስልዎታል?» መልሱን በሕክምና ቃል ሳትለውጪ፣ ራሱ እንዳለው ካርዱ ላይ ጻፊው።