አዲስ የአሜሪካ ዜጎች፣ ለምርጫ ስለመመዝገብ ጠይቁኝ

መላሽ፦ ቤተክርስቲያን ግቢ ጠረጴዛ ዘርግቼ የመራጭ ምዝገባ ፎርም ሳስሞላ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌ ያው ስለሆነ እዚሁ ጠይቁኝ። ግን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ የዜግነት መሃላ ሳትምሉ ምንም እንዳትፈርሙ።

ሚጡ፦ ጋሼ፣ የዜግነት ኢንተርቪው አልፌያለሁ፣ መሃላው የሚቀጥለው ወር ነው። ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ) መንጃ ፈቃድ ሳድስ ጸሐፊዋ "ለምርጫ ሬጅስተር ላድርግሽ?" ብትለኝ እሺ ልበላት?

መላሽ፦ አይሆንም! አሁን ምን አልኩ? ኢንተርቪው ማለፍ ዜግነት አይደለም። "ዜጋ ነኝ" የሚለው ላይ ምልክት አድርገሽ ከፈረምሽ፣ ከ1996 ጀምሮ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት ከአገር ያስባርራል። የዜግነት ማመልከቻው ፎርም፣ ኤን-400 ራሱ፣ ተመዝግበሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጸሐፊዋ ናት የጠየቀችኝ ብትይ ማንም አይሰማሽም።

ታክሲው፦ ሜሪላንድ ያለችው ታኮማ ፓርክ ከተማ እኮ በግሪን ካርድ ይመረጣል፣ ዋሽንግተን ዲሲም።

የአዋሬ ልጅ፦ ሰው አታሳስት ባክህ!

ታክሲው፦ ጎረቤቴ መርጧል ስልህ!

መላሽ፦ ለከተማው ምርጫ ብቻ ነው፣ ፎርሙም ለብቻው ነው። የፌዴራሉን የሞላ ግን አለቀለት። በቃ፣ እዚህ ላይ አትጨቃጨቁ።

ሳሪስ፦ የዜግነት ሰርተፍኬቴ ላይ የአያቴ ስም አለ፣ መንጃ ፈቃዴ ላይ የለም። ችግር አለው?

መላሽ፦ ተባረኪ፣ ይቺን ነበር የምጠብቀው። የኛን ሰው የሚጥለው ስም ነው። ፎርሙ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ ከሌለሽ የሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ 4 ቁጥር ይጠይቃል፣ የምርጫ ቢሮው ያንን ከዲኤምቪ ወይ ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ያስተያያል። "ወልደ ማርያም" አንዱ ጋ ተገጥሞ ሌላው ጋ ተከፍሎ ከተጻፈ፣ ወይ አያት ላስት ኔም ሆኖ አባት ሚድል ኔም ከሆነ፣ አይገጥምም ይሉሻል። ጆርጂያ ስቴት 2018 ላይ በዚህ ሰበብ ከ50 ሺህ በላይ ምዝገባ ተንጠልጥሎ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ሰርተፍኬቱን ይዘሽ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ስምሽንም ዜግነትሽንም አስተካክይ፣ ቀጥሎ ዲኤምቪ፣ ከዛ ምዝገባ። ዲኤምቪ ዛሬም የግሪን ካርድ ሰው ነሽ ብሎ ከያዘሽ ከመራጭ ዝርዝር ሊያስወጡሽ ይችላሉ፣ ቨርጂኒያ 2024 ላይ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ፎርሙን ሰርተፍኬቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ሙሊ።

እንግዳ፦ ከተመዘገብኩ ለጁሪ (ፍርድ ቤት ተቀምጠው ፍርድ ከሚሰጡት ዜጎች ጋር) ይጠሩኛል?

መላሽ፦ ሊጠሩህ ይችላሉ። መንጃ ፈቃድ ካለህም ያው ነው።

ታክሲው፦ በቢጫ ካርድስ ኢትዮጵያ መምረጥ ይቻላል?

መላሽ፦ አይቻልም። ርዕሳችንም አይደለም።

የአዋሬ ልጅ፦ እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፣ ድምፅ ስትሰጥ አብሬያት ልግባ?

መላሽ፦ ግባ። ማንበብ የማይችል ሰው የመረጠውን ረዳት ይዞ መግባት በፌዴራል ሕግ መብቱ ነው፣ ረዳቱ አሠሪዋ ወይ የሠራተኛ ማኅበሯ ሰው ካልሆነ። እሷ የምትልህን ነው የምትሞላው፣ አንተ የምትፈልገውን አይደለም! ዲሲ ከሆናችሁ የአማርኛ ወረቀትም አለ።

ዳላስ፦ ምዝገባ መቼ ነው የሚዘጋው?

ሚጡ፦ እኔም ልጠይቅ ነበር።

መላሽ፦ ስቴት ሳትነግሩኝ አትጠይቁኝ ስንቴ ልበል! ዳላስ ከስምህ ቴክሳስ ነህ ብዬ ልገምት፣ ምርጫው 30 ቀን ሲቀረው ይዘጋል። ሜሪላንድ 21 ቀን ነው፣ ቢያልፍም ምርጫ ጣቢያው ላይ ያስመዘግባሉ። ቴክሳስ እንዲህ አይነት ነገር የለም።

ዳላስ፦ ኦንላይን ልሙላው?

መላሽ፦ ቴክሳስ፣ መንጃ ፈቃድህን ኦንላይን ስታሳድስ ካልሆነ በቀር፣ አዲስ መራጭ ኦንላይን አይመዘግብም። ፎርሙን ፕሪንት አድርገህ፣ በእጅህ ፈርመህ፣ ወደ ካውንቲህ (ወረዳህ) መራጭ መዝጋቢ ቢሮ በፖስታ ላክ። መሃላ ምለሃል አይደል?