የጎረቤትህ የግንባታ ፈቃድ ቶሎ ወጥቶ ያንተ ለምን ቆየ?

ሰላም ወንድሜ። ጎረቤትህ ፈቃዱን በሳምንት ሲያወጣ ያንተ የጂ ፕላስ ቱ (ከምድር በላይ ሁለት ፎቅ) ፋይል ሁለት ወር መቆየቱ «ጉቦ ይሆን እንዴ?» አሰኝቶሃል። እጅ መንሻ የለም አልልህም። ያንተ ግን ሌላ ምክንያት ያለው ይመስለኛል።

መጀመሪያ ምድቡን እይ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ከፍሎ ነበር። ባለ አንድ ፎቅ ያልደረሰ መኖሪያ ቤት «ሀ» ውስጥ ይገባ ነበር። ከፍታው ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ደግሞ «ሐ» ነበር። ጎረቤትህ የሠራው ምድር ቤት ብቻ ነው ብለሃል። ያንተ ግን የስትራክቸር (የሕንጻው ጥንካሬ) ስሌት፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ (የውኃና ፍሳሽ) ዲዛይን አለው። እያንዳንዱን የሚያየው ሌላ ባለሙያ ነው። አንዱ መስክ ከወጣ ፋይሉ እዚያው ይተኛል።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ግን የይዞታ ካርታው ነው። የኛ ፋይል ሦስት ሳምንት የቆመው በዚህ ነው። ካርታው 175 ካሬ ይላል፤ አርክቴክቱ ግን አጥሩን ለክቶ 182 ብሎ ስሏል። ሰባት ካሬ! ማንም ደውሎ አልነገረንም። እናቴ በየሰኞው እየተመላለሰች «ነገ ነይ» ስትባል ከረመች። በጣም ያናድዳል፤ አንድ ስልክ ይበቃ ነበር።

ስለዚህ «አለቀ ወይ?» ብለህ አትጠይቅ። ፋይሉ የትኛው ባለሙያ ጋ እንዳለ ጠይቅ። ጉድለት ካለ በጽሑፍ ይስጡህ። ከመሄድህ በፊት ግን የዲዛይኑን ስፋት ከካርታው ጋር አስተያየው።