«ስፔሻላይዝ ያደረግሽው በምንድነው?» ሲሉኝ ዝም አልኩ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

አምድዎን ከጀመሩት ጊዜ አንስቶ አነባለሁ። እርስዎም በዚሁ ሙያ እንደኖሩ ስለማውቅ ነው የምጽፍልዎ። ለሌላ ሰው ባወራው መጀመሪያ ሙያውን ማስረዳት ይጠበቅብኛል፤ እሱ ብቻውን ያደክመኛል።

34 ዓመቴ ነው። ላንድስኬፕ አርክቴክት ነኝ። (ዘመዶቼ እስከ ዛሬ «አትክልተኛዋ» ነው የሚሉኝ። ማስተካከሉን ትቼዋለሁ።) ከተመረቅኩ አሥር ዓመት ሞላኝ።

የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት የሠራሁት ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ ነው። ሆቴል፣ ቪላ፣ የአውራ ጎዳና ዳር። እዚያ ዛፉ ሁሉ በጠብታ መስኖ ነው የሚኖረው። ውሃው የተጣራ ፍሳሽ ነው፤ ጨው አለው። የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ተባይ መስሎን ስንት ቀን አጠፋን። ኋላ ነው የገባኝ። ጠብታው ሥሩን ያርሳል እንጂ ጨዉን አጥቦ ወደ ታች አይወስደውም። አልፎ አልፎ ዛፉ ከሚጠጣው በላይ መልቀቅ ያስፈልጋል። በረሃ ላይ ውሃ «ማባከን»! ይህን ለአሠሪው ለማስረዳት ያየሁትን አበሳ አልነግርዎትም።

ከዚያ ጀርመን መጣሁ። ሁለት ዓመት ማስተርስ ተማርኩ፣ ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት እየሠራሁ ነው። የትምህርት ቤት ግቢ፣ የመኖሪያ ሰፈር። እዚህ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተገላቢጦሽ ነው። የሚያሳስበን በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዶፍ ነው። ከጣሪያና ከአስፋልት የሚመጣውን ዝናብ ሣር በለበሰ ጎድጓዳ ቦታ እንይዘዋለን። ጥልቀቱ 30 ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይሰርጋል። በፊት ካወቅኳቸው ዛፎች አንዱም እዚህ የክረምቱን ብርድ አይችልም። የዛፍ ስም እንደ ፊደል ቆጣሪ ሕፃን እንደገና አጠናሁ።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። እዚህ አገር በክፍያ ደንቡ የዲዛይን ሥራ 9 ምዕራፍ አለው። እኔ ሁልጊዜ 5ኛው ላይ ነው የምቀረው፤ የግንባታ ሥዕል ላይ። ሳይት የሚወጡት ሌሎች ናቸው። አለቃዬን ስጠይቀው «አንቺ ሥዕል ላይ ፈጣን ነሽ» ይለኛል። ምስጋና ይሁን ቅጣት እስካሁን አልገባኝም። በዚህም ምክንያት ለክፍለ ግዛቱ የአርክቴክቶች ምክር ቤት የማቀርበው ማመልከቻ የሳይቱ ክፍል ሳሳ ብሎብኛል። ሁሉን አሟልቼ ለመመዝገብ ስምንት ወር ያህል ይቀረኛል።

ባለፈው ወር ደግሞ ከምዕራብ አውስትራሊያ ሥራ መጣልኝ። የተዘጋ ማዕድን ማውጫ መልሶ ማልማት ነው። በቃለ መጠይቁ ላይ «ስፔሻላይዝ ያደረግሽው በምንድነው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ሆቴል? ትምህርት ቤት? መንገድ ዳር? የሆነ ነገር ቀባጠርኩ። ሥራውን ግን ሰጡኝ፤ ለምን እንደሰጡኝ አላውቅም።

አብራኝ የተማረችው ጓደኛዬ ስነግራት «ሁሉን ነካክተሽ አንዱንም ሳትይዢ ልታረጂ ነው» አለችኝ። እሷ ከምርቃት ጀምሮ መናፈሻ ብቻ ነው የምትሠራው። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ያሰብኩት ግን እሷ ያለችውን አልነበረም። በአሥር ዓመት ውስጥ እኔ ያስተከልኩትን አንድ ዛፍ እንኳ ሲያድግ አላየሁም። ሁልጊዜ ሳይለመልም ነው የምሄደው።

ልሂድ? ወይስ እዚሁ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ልያዝ?

ሻንጣዋን ያልፈታችው

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን እርሳስ ይዤ። አንድ ቃል እየተመላለሰ ሲመጣ ከሥሩ አሰመርኩ። ውሃ ነው።

ባሕረ ሰላጤው ላይ ሥራሽ ጨውን በውሃ ማጠብ ነበር። ጀርመን ውስጥ ዶፉን ይዞ ማስረግ ሆነ። አውስትራሊያስ? የማዕድን ማውጫ ዋናው ጣጣ እኮ ተቆፍሮ የተከመረው ድንጋይ ነው። ፒራይት የሚባል ድኝ ያዘለ ማዕድን ያለበት ድንጋይ አየርና ውሃ ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ይወጣዋል። አሲዱ ደግሞ ብረታ ብረቱን እያሟሟ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ስለዚህ ዝናቡ ወደ ክምሩ እንዳይዘልቅ ማድረግ ያስፈልጋል። በደረቅ አገር ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ወፈር ያለ አፈር ከላይ ማልበስ ነው። አፈሩ የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይዞ ይቆያል። በጋ ሲመጣ እፅዋቱ ጠጥተው ወደ አየር ይመልሱታል። አየሽ? ጀርመን ላይ ውሃው እንዲሰርግ የለፋሽውን ያህል እዚያ እንዳይሰርግ ትለፊያለሽ። ስሌቱ ያው ነው፣ ምልክቱ ብቻ ተገልብጧል። ቀጣሪዎችሽ ይህን ሳያዩ ሥራውን የሰጡሽ አይመስለኝም። አንቺ ግን አላየሽውም። ሌላ ጊዜ ሲጠይቁሽ «ውሃ» በይ፣ ሦስቱን አገር ጥሪ።

የጓደኛሽን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ሙያውን በፕሮጀክት ዓይነት መከፋፈል ለቢሮ ብሮሹር ይመቻል። ፍሬድሪክ ሎው ኦምስቴድ በ1858 ከካልቨርት ቮክስ ጋር የኒው ዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ውድድር ሲያሸንፍ፣ ከዚያ በፊት ገበሬና የጋዜጣ ጸሐፊ ነበር። ኋላ የአሜሪካን ምክር ቤት ግቢ ሠራ፣ ዩኒቨርሲቲ ሠራ፣ የ1893ን የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሠራ። «ነካክቷል» ያለው የለም። ካሊፎርኒያ ላይ ለስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ ደግሞ፣ የዝናባማውን ምሥራቅ አረንጓዴ ሣር እዚህ አናምጣ፣ ደረቁን የሜዲትራኒያን አገር እንይ ብሎ ተከራከረ። እሱም ያው የውሃ ክርክር ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን አገር ስትቀይሪ አብሮሽ የማይሻገር ብዙ ነገር አለ። የዛፉን ስም አንቺው ብለሽዋል። እኔ ይበልጥ የምፈራው ቁጥሩን ነው፤ ቁጥር የሚታወቅ ይመስላላ። አንድ ጊዜ ዛፍ በዲያሜትር በሚለካበት አገር የለመድኩትን ይዤ፣ በግንድ ዙሪያ ወደሚለካበት አገር ሄድኩ። ዝርዝሩ ላይ «7 ሳንቲሜትር» ብዬ ጻፍኩ፤ የምኑ እንደሆነ አልጻፍኩም። ችግኝ ጣቢያው ዙሪያው 7 የሆነ ላከልኝ። በ3.14 አካፍዪው። የመጥረጊያ እጀታ የሚያክል ዛፍ፣ ሙሉ ጎዳና! ኮንትራክተሩ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እኔም ዛሬ እስቃለሁ፤ ያኔ አልሳቅኩም።

የራምፕ ተዳፋትም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ለተሽከርካሪ ወንበር 1 ለ12 ይፈቀዳል፣ 8.33 በመቶ ማለት ነው። አንቺ የለመድሽው የጀርመኑ ደረጃ ደግሞ ከ6 በመቶ አያልፍም። እዚህ ፈጣን የሆነች እጅ እዚያ ስትደርስ የለመደችውን ነው የምትሥለው። ደግሞ አትርሺ፣ ከምድር ወገብ በታች ርቀሽ ስትሄጂ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ሞኝ ነገር ይመስላል። ለአግዳሚ ወንበር ጥላ ብዬ ዛፎቹን በደቡብ በኩል የደረደርኩበትን ሥዕል ግን እስከ ዛሬ ለማንም አላሳይም።

ምዕራብ አውስትራሊያ ደግሞ የራሷ ጉድ አላት። አፈሯ እጅግ ያረጀ፣ ፎስፈረስ በጣም ያነሰው ነው። ባንክሲያ የሚባለው የአገሩ ተክልና ዘመዶቹ በዚያ ድህነት ኖረው ለምደዋል። አንቺ አዝነሽ ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ብትሰጫቸው ይመረዛሉ። ብዙዎቹ ዘሮች ጭስ ካልሸተታቸው አይነቁም፤ ስለዚህ ዘሩ ይታጠናል። ፋይቶፍቶራ የሚባል ሥር አበስባሽ ተሕዋስም አለ። በጎማና በጫማ ጭቃ ነው የሚዛመተው። ሳይት ከመግባትሽ በፊት መኪናውም ቡትሽም ይታጠባል። የላይኛውን አፈር ደግሞ እንደ ወርቅ ነው የሚይዙት፤ የዘሩ ክምችት ያለው እሱ ውስጥ ነው። ተከምሮ በቆየ ቁጥር ዘሩ ይሞታል፣ ስለዚህ ከአንዱ ቦታ ተገፎ ቶሎ ሌላው ላይ ይለበሳል። ይህን ሁሉ ሄደሽ ከዜሮ ትማሪያለሽ። ሁለት ጊዜ አድርገሽዋል፤ ሦስተኛው አይከብድሽም።

አሁን ወደ ቁስሉ እንምጣ። «ያስተከልኩትን አንድ ዛፍ ሲያድግ አላየሁም» ያልሽው ላይ። እዚህ ጋ ላጽናናሽ አልችልም። ትልቅ ጉድለት ነው።

እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ሥዕሉን አስረክቤ ወደ ሌላ አገር እበር ነበር። አንድ ቀን በአጋጣሚ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ የሠራሁት ቦታ ላይ ደረስኩ። ለሥሩ የተውኩለት አፈር አንሶት ዛፉ ንጣፉን ፈንቅሎታል። ያማረ ጠመዝማዛ መንገዴን ትተው ሰዎቹ ሣሩን አቋርጠው የራሳቸውን ቀጭን መንገድ አውጥተዋል። የኮራሁበት አግዳሚ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ነፋስ ነው። ሰው የሚቀመጠው እኔ የአፈር መደገፊያ ብዬ በሠራሁት ዝቅ ያለ ግንብ ላይ ነው። በዚያች አንድ ሰዓት የተማርኩትን ያህል በዚያ ሰባት ዓመት አልተማርኩም። ከዚያ ወዲህ ግንብ ስሥል ቁመቱን ለመቀመጫ አደርገዋለሁ።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ፣ ሂጂ። ግን ስምንቱን ወር ጨርሰሽ። ያ ማዕድን ማውጫ ለስንት ዘመን ተቆፍሯል፤ ለስምንት ወር አይጠፋም። ሥራ የምትጀምሪበትን ቀን እንዲያራዝሙልሽ ጠይቂ። እምቢ ካሉ ቅር ይበልሽ እንጂ አትደንግጪ፤ የሚዘጋ ማዕድን ማውጫ ሁልጊዜ አለ።

ስምንቱን ወር ግን 5ኛው ምዕራፍ ላይ እንዳታሳልፊው። 8ኛው የግንባታ ክትትል ነው፣ 9ኛው ከርክክብ በኋላ ያለው ክትትል ነው። አለቃሽ ጋ ገብተሽ «ሳይት መውጣት እፈልጋለሁ» አትበይ፤ ይህን ብለሽው መልሱን ሰምተሻል። ይልቅ አንድ የተወሰነ ፕሮጀክት ጥሪ፣ ትንሽ ቢሆን ይሻላል። «የዚህን ሥዕል እኔ ነኝ የሠራሁት፤ ስህተቴን ሳይት ላይ እኔው ልሰብስብ» በይው። ስህተት ልሰብስብ የሚልን ሰው እምቢ ማለት ለአለቃ ይከብዳል። የተተከለው መያዙ እስኪረጋገጥ ድረስ ያለውን የእንክብካቤ ጊዜም ተከታተዪ። በዚያ ጊዜ ከአትክልተኞቹ ጋር ዋዪ። አዎ፣ ዘመዶችሽ ልክ ይሆናሉ።

ምዝገባውን የምገፋፋሽ ለአውስትራሊያ ብዬ አይደለም። እዚያ የላንድስኬፕ አርክቴክት ስም በሕግ የተጠበቀ አይደለም፤ የሙያ ማኅበሩ ምዝገባ በፈቃደኝነት ነው። ለመመለሻሽ ነው የምልሽ። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ የሕንፃ አርክቴክት ዲግሪው ከአገር አገር በቀጥታ ይታወቅለታል። የኛ ግን እንደዚያ አይደለም። እንደየአገሩ እየተመረመረ ነው የሚያልፈው፣ በተመረመረ ቁጥር የሚጠየቀው ደግሞ ወረቀት ነው። አሜሪካ ብትሄጂ ያው ፈቃዱ በየክፍለ ግዛቱ ነው፣ ፈተናውም አራት ክፍል አለው። ወረቀትሽን በእጅሽ ሳትይዢ አትሂጂ።

ከመሄድሽ በፊት አንድ ቅዳሜ ባቡር ይዘሽ ዱይስቡርግ ኖርድ ሂጂ። በ1985 የተዘጋ የብረት ማቅለጫ ነው፤ ፒተር ላትስ ነው መናፈሻ ያደረገው። ዝገቱን አላፈረሰም። ቆሻሻውን ፍሳሽ ከመሬት ሥር በቧንቧ ቀብሮ ከላይ ንጹሕ የዝናብ ውሃ አስኪዶበታል። ከሩቅ አገር ማዕድን ጋር ተጭነው የመጡ ዕፅዋትም እዚያ በቅለው ቀርተዋል። ካሜራሽን ትተሽ ማስታወሻ ደብተር ያዢ። ውሃው ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ እየተከተልሽ ሳዪ።

አውስትራሊያዎቹን ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ። ከተከላ በኋላ ክትትሉ ስንት ዓመት ነው፣ ሳይቱ ላይ የሚወጣውስ ማን ነው? መልሱ አንቺ ከሆንሽ ፈርሚ። «ሥዕሉን ታስረክቢያለሽ፣ ከዚያ ሌላ ፕሮጀክት» ካሉሽ ያው 5ኛው ምዕራፍ ነው፤ የአውሮፕላን ትኬት ተጨምሮበት።

ባሕረ ሰላጤው ላይ አብሮሽ የሠራ ሰው እስካሁን እዚያ ካለ፣ ያንን የአውራ ጎዳና ዳር ፎቶ እንዲያነሳልሽ ለምኚው። ከሩቅ አይደለም፣ ቅጠሉን በቅርበት። ሲደርስሽ ለኔም ላኪልኝ። ጫፉ አሁን ምን ይመስል እንደሆነ ማየት አማረኝ።