ዕድሜዋ ለገፋ ውሻ የቤት ውስጥ መሽኛ ስለማስለመድ፦ ለጠየቁን እህት

የዘጠኝ ዓመት ውሻዎን ከእናትዎ ግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም ካመጧት ወዲህ፣ ከሥራ ሲመለሱ ሳሎኑን በሽንት ርሶ እንደሚያገኙት ገልጸው በዚህ ዕድሜዋ መማር ትችል እንደሆነ ጠይቀዋል። ትችላለች። የእኔዋ ንግሥትም ከአባቴ ግቢ ወደ የካ አባዶ ስትመጣ ሲሚንቶ ወለል ረግጣ አታውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ስመለስ ወለሉ ደረቅ ሆኖ ይጠብቀኛል።

1. ሥልጠናውን ከመጀመርዎ በፊት ሽንቷን ያስመርምሩ። ንግሥት ቶሎ ቶሎ ጠብ እያደረገች ስታስቸግረኝ በኮንትራት ታክሲ ወደ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት። የተቀበለኝ ባለሙያ ሳይነካት «አርጅታለች፤ ሌላ ቡችላ ይፈልጉ» ብሎ የካርድ ገንዘብ አስከፍሎ አሰናበተኝ። የሽንት ምርመራ እንዲደረግላት ስለምነውም ተራ በሚጠብቁ ሰዎች ፊት ሳቀብኝ። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም፤ ምክንያቱም እሷ በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ስትሠቃይ የከረመችው፣ የእኔም ፍራሽ ተበላሽቶ የተጣለው በዚያ ሰው ስንፍና ነው። ሌላ ክሊኒክ ሽንቷን መርምሮ መድኃኒት ከሰጣት በኋላ ችግሩ ወዲያው ቀለለ። ውሻዎ ውሃ መጠጣት አብዝታ ከሆነ ኩላሊቷንና ስኳሯንም ያሳዩላት። የተኛችበት ቦታ ብቻ ረጥቦ የሚገኝ ከሆነ ደግሞ ሽንቱ በእንቅልፍ ልቧ እያመለጣት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በተለይ ማህፀንና እንቁላል ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና በወጣላቸው ሴት ውሾች ላይ ይታያል፣ መድኃኒትም አለው እንጂ በሥልጠና አይስተካከልም። ለምርመራው ንጹሕ ጭልፋ ከሥሯ አስገብተው የጠዋቱን ሽንት ይቀበሉና በንጹሕ ዕቃ ከድነው በዚያው ጠዋት ያድርሱ።

2. ቀኑን ሙሉ ሽንቷን ቋጥራ እንድትውል አይጠብቁባት። ጤነኛ ጎልማሳ ውሻ እንኳ ሳይጨነቅ የሚቆየው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ነው፤ በከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች ግን የታክሲው ሰልፍ ሲጨመርበት 14 ሰዓት ከቤት እንርቃለን። ውሃ በመከልከል መፍትሔ ለማግኘት የሚሞክሩ አሉ፤ ያረጀ ኩላሊት ላላት ውሻ ይህ ጭካኔ ነው። ጎህ ሳይቀድ እንዳላወጣትም በእኛ ሰፈር በዚያ ሰዓት ጅቡ ገና ወደ ጉድጓዱ አልተመለሰም። ስለዚህ መሽኛውን ወደ ቤት ማምጣት ግድ ሆነብኝ።

ብዙዎች ጋዜጣ አንጥፈው ይጀምራሉ። ዕድሜዋን በሙሉ አፈር ላይ የሸናች ውሻ ግን የምትፈልገው አፈር ነው፤ ጋዜጣ ለእርሷ ምንም አይደለም። እኔ መገጣጠሚያዋ ስለሚያማት በቀላሉ ልትራመደው የምትችል፣ ጠርዟ ዝቅ ያለ ሰፊ የፕላስቲክ ትሪ ገዝቼ ከሕንፃው ጀርባ ባመጣሁት አፈር ሞላሁና ሽንቷን የጠረግሁበትን ጨርቅ በላዩ አድርጌ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩ። ከእንቅልፏ ስትነቃ፣ እራቷን እንደበላችና ከመተኛቷ በፊት በገመድ ይዤ ወደዚያው እወስዳት ነበር። ዝም ብዬ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ስትጨርስ እዚያው፣ ወደ ቤት ሳትመለስ፣ የተቀቀለ ጉበት ቁራሽ እሰጣታለሁ። ቤት ገብታ ብትበላው ሽልማቱ ለመግባቷ ይመስላታል። መውጫ ሰዓቴም ሲደርስ በረንዳውንና ከእርሱ ጋር የተያያዘውን ክፍል ብቻ ክፍት አድርጌ፣ የሳሎኑን በር ዘግቼ፣ መኝታዋን ከትሪው አርቄ፣ ውሃዋን ሞልቼ እወጣለሁ።

ጎረቤቶቼ አፍንጫዋን በሽንቷ ላይ እንዳሽ መክረውኝ ነበር። በፍጹም አያድርጉት። ከሰዓታት በፊት ስላደረገችው ነገር ምሽት ላይ ብትመታ የምትማረው እርስዎ ሲመጡ መፍራትን ብቻ ነው፤ ከዚያም ተደብቃ ከሶፋ ጀርባ መሽናት ትጀምራለች።

የጽዳቱ ነገርም ቀላል አይደለም። ሽንት ውስጥ አሞኒያ ስላለ በረኪና ሲፈስበት ዓይንና ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። እኔ በመጀመሪያ በጨርቅ አድርቄ፣ በአቼቶና በውሃ አጥቤ፣ መስኮት ከፍቼ አደርቀዋለሁ። አቼቶና በረኪናን ግን አንድ ላይ አያድርጓቸው፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይፈጥራሉ። ሽታው ካልጠፋ ነገም እዚያው ትሸናለች።

እኩለ ቀን ላይ የሚያወጣት ታማኝ የጎረቤት ልጅ ካገኙ እጅግ ጥሩ ነው፤ ገመዷን ለሰው ከማስያዝዎ በፊት ግን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ያረጋግጡ። የትሪውን አፈር በየጊዜው ይቀይሩ፣ ሲቀይሩም ከአሮጌው ጥቂት እፍኝ ለሽታው ያስቀሩላት። ቅዳሜና እሑድ ቤት ስለዋሉ ብለውም ትሪውን አያንሡ፤ ንግሥት ሰኞ ዕለት ሳሎን የሸናችብኝ ቤተ ዘመድ እሑድ ትሪውን ከበረንዳ አንሥቶ የተወው ጊዜ ነው።