«ቢላል» የማን ቋንቋ ነው?

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ቢላል ልንለው ተስማምተናል፤ ትርጉሙ ላይ ግን ቤቱ ሁሉ ተከራከረ። አባቴ ‹ሰውየው ሐበሻ ነበር፣ ስለዚህ ስሙም የኛ ነው፣ ግዕዝ ነው› ይላሉ። አማቴ ‹አዲስ ጨረቃ ማለት ነው› አሉኝ። ጎረቤታችን ደግሞ ‹አዛን የሚያደርግ ሰው ማለት ነው› ይላል። ማንን ልመን? ሲጻፍስ ቢላል ነው ወይስ ብላል?» ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እንኳን በሰላም ተገላገለች፤ ልጁን ያሳድግልዎ። ሦስቱም አልመቱትም። ግን አንዳቸውም ከሜዳ ተነስተው አልተናገሩም።

ስሙ ዐረብኛ ነው። ሥሩ በ-ለ-ለ ሲሆን ማራስን፣ ማርጠብን ያመለክታል። ቢላል ጉሮሮ የሚያርስ ነገር ነው፤ ውሃም ሊሆን ይችላል፣ ወተትም። የጥንት ዐረቦች «በስልቻህ ውስጥ ቢላል የለም» ካሉ ጠብታ ውሃ አልቀረህም ማለታቸው ነው። በረሃ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሥሩ ዛሬም ሕያው ነው። ዐረቦች የባሰ ነገር ሲመጣ «ጭቃውን ይበልጥ አራሰው» ይላሉ፤ እኛ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የምንልበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው። በሐዲስም «ዝምድናችሁን በሰላምታም ቢሆን አርጥቡ» የሚል አለ፤ የተቋረጠ ዝምድና እንደ ደረቀ ነገር ታይቶ፣ መቀጠሉ ማርጠብ ተባለ። (ዕብራይስጥም ይህ ሥር አለው፣ እዚያ ግን መቀላቀል ነው። ኦሪት ዘፍጥረት 11፥9 ላይ ባቢሎን የሚለው ስም ቋንቋ ከመደባለቁ ጋር የተያያዘው በዚሁ ቃል ነው።)

አሁን ወደ አባትዎ። ሰውየው ላይ እውነት አላቸው። ስሙን ያስጠራው የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባና የመጀመሪያው አዛን አድራጊ ቢላል ኢብን ረባሕ «አል-ሐበሺ» ይባላል፣ እናቱ ሐማማ ከሐበሻ ምድር እንደነበረች ይተረካል። ግን ስሞቹን ይዩዋቸው። ሐማማ በዐረብኛ እርግብ ነው። ረባሕ ትርፍ ነው። ቢላልም እንዳልኩት እርጥበት ነው። ሦስቱም ዐረብኛ! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባሪያ የሆነ ሰው የሚጠራው ጌቶቹ በሚናገሩት ቋንቋ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ከኢትዮጵያ ተሽጦ ሄዶ በሕንድ ደከን ጦር መሪና ገዥ የሆነውን ማሊክ ዐንበርን ያስታውሱ። የልደት ስሙ ቻፑ እንደነበር ይነገራል፣ ዓለም የሚያውቀው ግን ዐንበር ብሎ ነው፤ ዐንበር ሽቶ የሚሠራበት ውድ ነገር ነው፣ ቃሉም ዐረብኛ። ሰውየው ሐበሻ፣ ስሙ ዐረብኛ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ስለዚህ አባትዎ «ቢላል የኛ ነው» ቢሉ አልቃወማቸውም፣ «ግዕዝ ነው» ሲሉ ነው የማቆማቸው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ወሬ አብሬ ላንሳ፣ መቼም ልጁን ሲያድግ አንዱ ይነግረዋል። ቢላል ሐበሻ ስለነበረ «ሽ» ማለት አቅቶት በአዛን ላይ «አሽሃዱ»ን (እመሰክራለሁ) «አስሃዱ» ይል ነበር፣ አላህ ዘንድ ግን የቢላል ስ ሽ ነው ይባላል። ወሬው ጣፋጭ ነው። የቋንቋ ሰው ቢሰማውም ጆሮው ይቆማል፣ ምክንያቱም የግዕዝ ፊደል በእርግጥ ሸ የለውም፤ ሸ ለአማርኛ ሲባል በኋላ የተጨመረ ነው። ኢብን ከሢርን የመሰሉ ሊቃውንት ግን ይህ ነገር መሠረት የለውም ብለው ጥለውታል። ደግሞ ያስቡት፤ አዛኑ ለቢላል የተሰጠው ከሌላው ሰው የተሻለ ድምፅ ስላለው ነው ተብሎ ነው። ምላሱ የሚንተባተብ ሰው በ630 እ.ኤ.አ. መካ ስትያዝ ካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን እንዲያደርግ ይመረጥ ነበር?

የአማትዎ «አዲስ ጨረቃ» ከሂላል ጋር መምታታት ነው። ሂላል ራሱን የቻለ ሌላ ስም ነው፣ ሥሩም ሌላ። በመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ አማትዎን አልፈርድባቸውም።

ጎረቤትዎ ግን በጣም ያስገርማል! በዐረብኛም በአማርኛም አዛን አድራጊ ሙአዚን ነው። በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ ግን መስጊድ ውስጥ «ቢላሉ የት ሄደ?» ቢባል ማንም ስሙ ቢላል የሆነ ሰው አይፈልግም፣ ሙአዚኑን ነው የሚፈልገው። የአንድ ሰው ስም የሥራ ስም ሆኖ ቀረ። ጎረቤትዎ ኩዋላ ላምፑር ኖረው ከነበር ትክክል ናቸው።

ስሙ ይህን ያህል የተስፋፋው ለምን ነው? በትርጉሙ አይመስለኝም። ማን ነው ልጁን «እርጥበት» ለማለት ብሎ ቢላል የሚለው? ሰውየውን አስቦ ነው። ጌታው ኡመያ ኢብን ኸለፍ በጠራራ ፀሐይ አጋድሞ ደረቱ ላይ ድንጋይ ሲጭንበት «አሐድ፣ አሐድ» (አምላክ አንድ ነው) እያለ የጸና፣ አቡበክር ገዝቶ ነፃ ያወጣው ሰው። ሱኒውም ሺዓውም ያከብረዋል፤ አንዱ ወገን የሚወደውን ሌላው ከሚሸሽባቸው አንዳንድ ስሞች ይህ ይለየዋል። ከፓኪስታን እስከ ቱርክ፣ ከሞሮኮ እስከ ፈረንሳይ ሠፈሮች ድረስ ያገኙታል። በማሊ የኬይታ ነገሥታት ዘራቸውን ወደ ቢላል ይቆጥሩ ነበር። በሞሮኮ ግናዋ የሚባሉት፣ በመንፈሳዊ ሙዚቃቸው የሚታወቁት የጥቁር አፍሪካውያን ዘሮች፣ ሲዲ ቢላል ብለው ያወድሱታል። በአሜሪካ ጆርጂያ፣ ሳፔሎ ደሴት ላይ፣ በባርነት የኖረ ቢላሊ መሐመድ የሚባል ሰው በዐረብኛ ፊደል የጻፈው ጽሑፍ እስከ ዛሬ አለ። በ1975 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኔሽን ኦፍ ኢስላም የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበር መሪ ዋሪስ ዲን መሐመድ ጥቁር አሜሪካውያን «ቢላሊያን» ተብለው እንዲጠሩ ሐሳብ አቀረበ፣ የማኅበሩ ጋዜጣም «ቢላሊያን ኒውስ» ተባለ። መጠሪያው ብዙ አልቆየም፤ ግን ባሕር ማዶ ያለ ሕዝብ ከአንድ ሐበሻ ስም ራሱን ሊጠራ መነሳቱ ቀላል ነገር አይደለም።

በኛ አገር፣ እኔ እንደማየው፣ ከአያቶቻችን ይልቅ በወጣቶቹ ላይ ይበዛል። የወሎ ሽማግሌዎችን ስም ቢጠይቁ ሰይድ፣ አሕመድ፣ ሑሴን፣ እንድሪስ ይመጣሉ፤ ቢላልን ከተማሪዎች ዝርዝር ውስጥ ነው በብዛት የማገኘው።

አጻጻፉ ቢላል ነው። በዐረብኛው የመጀመሪያዋ «ቢ» አጭር ናት፣ «ላ» ግን ረጅም። አማርኛ አጭሯን «ኢ» አንዳንዴ ሣልስ፣ አንዳንዴ ሳድስ አድርጎ ይቀበላታል። የሚነበበው መጽሐፍ ኪታብ፣ አንገት ላይ የሚታሰረው ክታብ፤ ሥራቸው አንድ ነው። ስለዚህ «ብላል» በመርሕ ደረጃ ስሕተት ላይሆን ይችላል፣ ግን ማንም አይጽፈውም፤ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ብቻዎን ለምን ይጨነቃሉ? «ል»ም አትጠብቅም። ብላል ብለው ከጻፉ ደግሞ የክፍል ጓደኞቹ «ብላ» እያሉ ምሳ ሰዓት ላይ ያላግጡበታል፤ በቢላልም «ቢላዋ» የሚለው አይጠፋም፣ እሱን ግን ይችለዋል።